ሃያ ዘጠኙ መርገጫዎች

ሰው የሚወደውን ነገር ለሚወደው ሰው ሲያሳይ ምስክር እየጠራ መሆኑን አያውቅም። አናጢው አላወቀም ነበር። መዝጋቢዋም አላወቀችም። ሁለቱም ያወቁት ወረቀቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአራት ስፒል ተወጥሮ፣ መንገደኛ ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ሲያነበው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መዝጋቢዋ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ የቢሮዋን አውቶቡስ ትታ በሌላው ትሳፈራለች፤ ሦስት ፌርማታ ካለፈች በኋላ እንደ ባነነ ሰው ወርዳ በእግሯ ትመለሳለች። መንገዱም የሚያሳርፍ መንገድ አይደለም። የከተማው መሐል በቆርቆሮ አጥር ተከቧል፤ ከአጥሩ ጀርባ የብረት ክንዶች እየተነሱ እየወደቁ የድሮ ግንብ ይንዳሉ። ትናንት ዳቦ ቤት የነበረው ዛሬ ጉድጓድ ነው፤ ትናንት ጉድጓድ የነበረው ዛሬ ሦስተኛ ፎቁን ጀምሯል። ሰዉ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ያልፋል። አንዱ «እሰይ፣ እኛም ከተማ ሆንን» ይላል፤ ሌላው «የማውቀው መንገድ ጠፋኝ» ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። የእርሷ ሥራ ደግሞ በእነዚህ በሁለቱ እውነቶች መካከል ሜትር ዘርግቶ መቆም ነበር።

የከተማው ጽሕፈት ቤት የቆዩ ቤቶች መዝጋቢ ናት። ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ሜትርና የእጅ ባትሪዋን ይዛ ትገባለች፤ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ወለሉን ትለካለች፤ ከመጀመሪያው ሠሪ እጅ ስንቱ እንደቀረ ትቆጥራለች። ደንቡ አጭር ነው። የቤቱ ግማሽና ከዚያም በላይ አካሉ የመጀመሪያው ከሆነ ቤቱ ይቆማል፤ ከግማሽ ካነሰ ይፈርሳል።

የአናጢው ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ፊቱን ወደ አደባባዩ፣ ጀርባውን ወደ ግቢ የሰጠ። ላይኛው ፎቅ ላይ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ግቢው ውስጥ መሥሪያው አለ። መዝጋቢዋ በሦስት ቀን ለክታ ልትጨርሰው ገብታ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አንድ ቀን ሜትሯን ረሳሁ ብላ ተመለሰች፤ ሜትሯ ግን በኪሷ ነበረ። ሌላ ቀን ደግሞ እርሱ መስኮቱን እንደገና እዪው አላት፤ መስኮቱ ከትናንት ወዲያ የታየው ያው መስኮት ነበር። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ሰነበቱ።

አባቱ ከእርሱ በፊት አናጢ ነበሩ። በዚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበሰበሰውን የደረጃ መርገጫ አንድ በአንድ እያወጡ፣ የነቀዘውን መስኮት ተራ በተራ እያወረዱ ተክተዋል። እንጨቱን የሚያመጡት በአካባቢው ከሚፈርሱ እኩያ ቤቶች ስለነበር፣ አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ ዓይን አልተፈጠረም። አንድ ምስጢር ብቻ ነበራቸው፤ በተኩት መርገጫ ሥር፣ ማንም በማያየው በኩል፣ በመሮ የወፍ እግር የመሰለች ምልክት ይቀርጻሉ። ይህን ለማሳየት አናጢው መዝጋቢዋን ከደረጃው ሥር ሰጋቱራ ላይ በጀርባዋ አስተኛት፤ እርሱም አጠገቧ ተጋደመ፤ ሰማይ እንደሚያዩ ሰዎች ወደ ላይ እያዩ በባትሪው ብርሃን ቆጠሩ። ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ትከሻቸው ተነካክቶ ቆየ፤ የማንኛቸውም ትከሻ ግን አልሸሸም።

እርሷም ቢሮዋ ተመልሳ ያየችውን ጻፈች፤ ያላየችውን መጻፍ ማንም አላስተማራትም። «ከሠላሳ ስምንቱ መርገጫዎች ሃያ ዘጠኙ፣ ከአሥራ አራቱ መስኮቶች አሥራ አንዱ የተተኩ ናቸው፤ ይህም በነዋሪው ቃልና ከመርገጫዎቹ ሥር በተቀረጸው ምልክት ተረጋግጧል» ይላል የመጀመሪያው ገጽ። በሁለተኛው ገጽ ስለ ጥገናው የራሷን አስተያየት አስፍራ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ግን በሰሌዳ ላይ የሚለጥፈው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው፤ ልማዱ ነው። ከዚያ ወረቀት አጠገብ ደግሞ በቦታው ላይ አሥራ አራት ፎቅ ለመሥራት የጠየቀው ድርጅት ማመልከቻ ተለጠፈ። የድርጅቱ ባለቤት የመዝጋቢዋ አባት ናቸው። ይህን አናጢው ከእርሷ አፍ አልሰማም ነበር፤ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ጎረቤት ቀደማት።

የአናጢው ደብዳቤ በጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ እጅ ደረሳት።

«ክብርት ሆይ፤ የአባቴን ሥራ ያሳየሁት ለእርስዎ ነበር፤ ለቢሮዎ አልነበረም። ለቤተሰብዎም ማሳየቴን አላወቅሁም። ቤታችን እስኪፈርስ ድረስ ደረጃው የእኛ ነውና፣ እባክዎ ከእንግዲህ እንዳይወጡበት። ነዋሪው።»

ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» የተሻገረ ሰው ባሕር እንደተሻገረ ሰው ነው። እርሷ ግን ይበልጥ ያቃጠላት ፊርማው ነበር። ስም ያለውን፣ ሳቅ ያለውን፣ ትከሻው የሚሞቀውን ሰው «ነዋሪው» ብላ የጻፈችው እርሷ ራሷ ናት።

ማክሰኞ ዕለት የቅርስ ኮሚቴው ሰብሳቢ አስጠሩዋት። ሠራተኛው በሌሉበት «ጋሼ ይደር» ይላቸዋል፤ ቢሮ ተቃጠለ ቢባሉ እንኳ «ይደር» የሚሉ ሰው ናቸው እየተባለ ይቀለድባቸዋል። አመልካቹ አባቷ መሆናቸውን ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራቸው ሌላ መዝጋቢ ይመደብ ብትላቸው፣ ያንንም ይደር ብለዋት ነበር። ያን ዕለት ግን መዝገቡን ራሳቸው ዘርግተው ጠበቋት። ስብሰባው አርብ እንደሆነ፣ ቅጹን እስከ ሐሙስ ድረስ አስተካክሎ ማስገባት እንደሚቻል ነገሯት። ከዚያም ጣታቸውን አንዲት መስመር ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይህችን ብትሰርዣትስ?»

ምልክቱን በዓይኗ ማየቷን ተናገረች።

«አላየሁም በይ አላልኩሽም። የሰውዬው ቃልና ያቺ የወፍ እግር ባይኖሩ እንጨቱን ከእንጨቱ የሚለይ ሰው የለም። ያልተጠየቁትን መመለስ ለፍላፊነት ነው።» ቀና አሉና አዩዋት፤ ዓይናቸው የደከመ ነበር። «ዘንድሮ አሥራ ሁለት ቤት በፊርማዬ ወርዷል። አንዷ እንኳ ትትረፍልኝ።»

ደስታ እንደ ሌባ ነው፤ ሳይታሰብ ይገባል። መዝጋቢዋ ከቢሮው ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካ አላት። አንድ መስመር ብቻ። አንድ መስመር ትሰርዝና ቤቱ ይተርፋል፣ እናቲቱ ይተርፋሉ፣ ያ ሰው ዳግመኛ «አንቺ» ይላታል። ከኮሪደሩ ጫፍ ሳትደርስ ግን ያ ደስታ ፊቱን አዞረባትና አፈረች፤ ያፈረችው ግን በማን ፊት እንደሆነ ሊገባት አልቻለም።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ከአባቷ ጋር ተቀመጠች። አባቷ በልስን ሠራተኝነት ጀምረው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ ሰው አሠርተው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው፤ ዛሬም እጃቸውን ሲታጠቡ ሲሚንቶ እንደሚያራግፉ ጥፍራቸውን ይፈትጋሉ። የአናጢውን ነገር ሰምተው ኖሯል። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር፤ የተቆጣን አባት ልጅ ታኮርፋለች፣ ያልተቆጣን አባት ግን ቁጭ ብላ መስማት አለባት። ቦታው ላይ ለሰማንያ ቤተሰብ መኖሪያ እንደሚያወጡበት፣ ውኃው እስከ ላይኛው ፎቅ እንደሚወጣ፣ አሮጊት በደረጃ እንደማትለፋ፣ አሳንሰር እንደሚኖር ዘርዝረው ነገሯት። እርሷም ያን ቤት ስላቆዩት ሰዎች ነገረቻቸው።

«እኔ እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት» አሉ ሹካቸውን አስቀምጠው። «ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል። ዝናብ በጣለ ቁጥር አልጋ ስንገፋ ነው የሚነጋው። የድሮ ቤት የሚያምራችሁ ጣሪያው ያላፈሰሰባችሁ ናችሁ።»

«ያ ቤት አያፈስም፣ አባዬ። ስለጠገኑት አያፈስም። ስለጠገኑት ደግሞ ይፈርሳል። ይህ ይገባሃል?»

«ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።»

«እኔም አላወጣሁትም። የምፈርመው ግን እኔ ነኝ።»

አባቷ፣ በቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር የማያውቅ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሚያስፈራውን ያህል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የምቃወመው ሰውዬው ድሃ ስለሆነ እንዳይመስልሽ። ድህነትን እኔ አስተምረዋለሁ እንጂ እሱ አያስተምረኝም። እኔ ሮጬ ያመለጥኩትን ነገር እሱ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ልጄን ወደዚያ መልሼ ልስደዳት?»

አባቷን ልጅ ሆነው በጨለማ አልጋ ሲገፉ አየቻቸው፤ የአናጢውንም አባት ከደረጃ ሥር ተንበርክከው አየቻቸው። ሁለቱ ሰዎች አንድ በር ይዘው አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ የሚገፉ መሰላት፤ በሩ ደግሞ እርሷ ነበረች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ግቢው ገባች። በደረጃው በኩል አላለፈችም፤ የተከለከለውን አክብራ በጋሪ መግቢያው ዞረች። እናቲቱ ከመሥሪያው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከፈራረሱ ቤቶች የተለቀሙ ጎባጣ ምስማሮችን ድንጋይ ላይ አድርገው በትንሽ መዶሻ ያቃናሉ። የአናጢ ሚስት ሆነው የኖሩበት፣ የአናጢ እናት ሆነውም ያልተዉት ሥራ ነው።

«እመት ሜትር መጣሽ?» አሏት ቀና ሳይሉ። «እኛ እኮ እንዳንቺ መለኪያ ባንይዝም የሰው ርቀት እንለካለን። አሥራ አንድ ቀን ነው የጠፋሽው።»

ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ይቅርታሽን ለምስማሩ ንገሪው የሚሉ ይመስል አንድ ምስማር አንስተው መቱ። ከውስጥ አናጢው ሳንቃ ይልጋል። መግባቷን በደንብ አውቋል፤ መላጊያው ፈጥኗልና። ልጣጩ እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ይወድቃል፤ እርሱ ግን ዓይኑን ከሳንቃው አላነሳም። እርሷም ከደጃፉ ሆና የመጣችበትን ተናገረች፤ አንዲት መስመር መሰረዝ እንደሚቻል፣ ቅጹ እስከ ማታ እንደሚገባ፣ ቤቱ እንደሚተርፍ።

መላጊያው ቆመ።

«ሰርዘው በምትኩ ምን ብለው ይጽፋሉ?»

«መርገጫዎቹ በሙሉ የመጀመሪያው ሠሪ ሥራ ናቸው ብዬ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ደረቅ እንጨት ነበር። «የመጀመሪያው ሠሪ ከሞተ መቶ ዓመት ሆነው። ስሙን የሚያውቅ የለም። አባቴ ግን በዚያ ደረጃ ሥር ተንበርክኮ ነው ጉልበቱ ያለቀው። ቤቱ ይቁም፣ አባትህ ግን አልነበረም ነው የምትይኝ?»

«አንቺ» ብሏት ነበር። በቁጣ ነው ያለው፤ ቢሆንም እርሷ እንደ ጠብታ ውኃ ተቀበለችው።

እናቲቱ መዶሻውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ አባትህ ሞቷል። ሙት ምስጋና አይለብስም። እኔ ግን ገና ይበርደኛል፣ ገና ጣሪያ ያስፈልገኛል። ልጅቱ ሰርዤ ላድናችሁ ስትል ምን አድርጊ ነው የምትላት?»

«እማዬ፣ በየሳምንቱ ተንበርክከሽ ያን ምልክት የምትወለውዪው አንቺ ነሽ እኮ።»

«እወለውላለሁ። ባሌ ነዋ።» ድምፃቸው አንዴ ተሰበረና ተጠገነ። «ግን ንገረኝ፤ ባሌን ከነቤቱ ከምቀብረው ስሙን ብቻ ብቀብር አይሻልም?»

ከአጥሩ ማዶ አንድ ግንብ ተናደ፤ ቀድሞ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ አቧራው በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ ወደ ግቢው ገባ። ሦስቱም በየቆሙበት ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልፍ ጠበቁ።

አናጢው በአቧራው መካከል ተናገረ። «እኔን ተይኝ። እማዬንም ተያት። አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?»

በዚያ ሁሉ ሳምንት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ራሷንም አልጠየቀችም። እናም መልሷ ከደንብም ከቤትም የራቀ ሆነ።

«መጀመሪያ ቀና ብለህ እንድታየኝ። ሌላውን ከዚያ በኋላ አስባለሁ።»

አየት አደረጋት፤ ከዚያ አያት። ፀጉሯ በአቧራ ነጥቷል፤ ዓይኗ እንቅልፍ ባጣ ሰው ዓይን ቀልቷል፤ ከንፈሯ ላይ የጥርሷ ምልክት አለ። ሊያያት ያልፈለገበት ምክንያት ለራሱም ተገለጠለት፤ ካያት መቆጣት እንደማይሆንለት ያውቅ ነበር። እርሷም የእርሱን ጉንጭ አየች፤ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ጎድጉዷል። ሰው ሰውን ሲቀየም ሁለቱም እንደሚከሱ ያኔ ገባት።

«መሰረዝ አልፈልግም» አለች ቀስ ብላ። «ልሰርዝ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ግን አልፈልግም። ሃያ ዘጠኙን ከአጠገብህ ተኝቼ ነው የቆጠርኳቸው። ከሰረዝኳቸው ያን ቀን እዚያ አልነበርኩም ማለት ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «የአባቴን ነገር ያልነገርኩህ ስለፈራሁ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ደግሞም የጻፍኩት ሁለት ገጽ ነው፤ አንተ ያየኸው አንዱን ነው።»

«ሁለተኛ ገጽ አለው?»

«አለው። ነገ ናና ስማው።»

እናቲቱ የተቃናውን ምስማር ከጎባጣው እየለዩ፣ «እንግዲህ ጣሪያዬ በሁለተኛ ገጽ ላይ ቀረ» አሉ። ማሾፋቸው ይሁን ማልቀሳቸው አልታወቀም። መዝጋቢዋ ወደ ቢሮዋ ስትመለስ ልቧ በደረቷ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፤ ልታድናቸው የምትችላቸውን ሰዎች በገዛ እጇ ለአደጋ ሰጥታለች፤ ስለዚህም ከምንጊዜውም ይልቅ ወደደቻቸው።

አርብ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ከፊት ተደረደሩ። የመዝጋቢዋ አባት የሕንፃቸውን ንድፍ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አኑረዋል፤ አናጢውና እናቱ ከመጨረሻው ረድፍ ናቸው። መዝጋቢዋ ተነስታ አስቀድማ አመልካቹ አባቷ መሆናቸውን በይፋ ተናገረች፤ አዳራሹ ጉምጉም አለ። ቀጥላ የመጀመሪያውን ገጽ አንዲት ቃል ሳታስቀር አነበበች። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሁለተኛው ገጽ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላት ጠየቀች።

«በዚህ ቤት የተተካው እንጨት ከእኩዮቹ ቤቶች የመጣ ነው፤ የተተካበትም አሠራር የመጀመሪያው አሠራር ነው። ስለዚህ ይህ ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የቀረ ሳይሆን መሠራቱ ያልተቋረጠ ቤት ነው። ደንባችን የቀረውን ይቆጥራል፤ ያቆየውን አይቆጥርም። ኮሚቴው ያቆየውንም እንዲቆጥር እጠይቃለሁ።»

አባቷ ተነሱ። ንግግራቸው ጥሩ ንግግር ነበር፤ ይህን እርሷም አልካደችም። በአንድ ክፍል ስምንት ሆነው ስለሚያድሩ ልጆች ተናገሩ። «ከተማ የሙታን መታሰቢያ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ሕያው ሰው መግቢያ ይፈልጋል» አሉ፤ ብዙ ሰው አጨበጨበ። አንዲት የኮሚቴ አባል ደግሞ አናጢውን አስነስታ፣ የተተካውን ካልተተካው ሌላ ሰው ሊለየው ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። አናጢው ምልክቱን ካላየ እርሱ ራሱም እንደማይለየው መለሰ። ታዲያ ምን እንደሚለምን ተጠየቀ።

«እንዳይዋሽበት ብቻ ነው የምለምነው። ቢቆም በሠሩት ሰዎች ስም ይቁም። ቢወድቅም በእነሱ ስም ይውደቅ።»

ሲቀመጥ እናቱ ጉልበቱን በእጃቸው ያዙት።

ክርክሩ እስከ ቀትር ሄደ። በመጨረሻ አራት ለሦስት ተወሰነ። ቤቱ ከፊቱ እስከ ደረጃው ይቆማል፤ ግቢው ግን ለአዲሱ ሕንፃ ይሰጣል፤ ሕንፃውም ጠብቦ ከቤቱ ጀርባ ይሠራል፤ የአናጢው መሥሪያ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይነሣል። እንደ ሽማግሌ እርቅ ሁሉንም እኩል ያስከፋ ውሳኔ ነበር። አንድ ሰው ብቻ አልተከፋም። እናቲቱ ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ፣ ግቢ የሌለው ቤት ስታየው ባልቴት ይመስላል፣ እኔም ባልቴት ነኝ፣ እንስማማለን ብለው አጠገባቸው ያለውን ሁሉ አሳቁ።

አባቷ ንድፋቸውን በብብታቸው አድርገው በአጠገቧ ሲያልፉ ቆም አሉ። ምን ሊሉ እንደነበር አላወቀችም።

«ማታ ቤት ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ማታ።» አናጢውን ቀና ብለው አላዩትም፤ እጁን ግን አዩት፤ የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው እንደሚያየው፣ ረዘም አድርገው። ከዚያ ወጡ። ይህ ይቅርታ ይሁን መለካት፣ መዝጋቢዋ ልትወስን አልደፈረችም።

እናቲቱን ከአንዲት ጎረቤት ጋር ካሳፈሩ በኋላ ሁለቱ ከጽሕፈት ቤቱ ጎን ባለው መንገድ ላይ ቆሙ። ማሽኖቹ ከምሳ ዕረፍት ገና አልተመለሱም፤ መንገዱ ላይ ያልተለመደ ጸጥታ ነበር፤ እነርሱ ግን ጸጥታውን ሊያምኑት አልቻሉም። አናጢው ሁለት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል፤ መልሶ ይሄዳል። መሥሪያውን የት እንደሚያደርስ እንደማያውቅ፣ መደሰት ይኑርበት ወይስ ማዘን እንደማያውቅ ነገራት። እርሷም ያን ግቢ ያሳጣው የእርሷ ንባብ መሆኑን አምና፣ ይህን ሳትክድ አጠገቡ ቆመች።

«እኔ የተቆጣሁሽ ስለጻፍሽ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ላንቺ ብቻ የነገርኩሽን ሰው ሁሉ ስላነበበው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላም ነገር አለ። ላንቺም ያልነገርኩሽ።» ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ መሬት አየ። «የላይኞቹ ሦስት መርገጫዎች የአባቴ አይደሉም። የእኔ ናቸው። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ነገርም ይረሳ ነበር። ጠዋት ጠዋት መሥሪያው ይወርድና መሮውን ይዞ ይቀመጣል፤ ምንም አይሠራም። እሱ ወደ ላይ ሲወጣ እኔ እሠራለሁ። በማግሥቱ፣ አባዬ፣ ትናንት እንዴት አሳምረህ ሠራኸው እለዋለሁ። ያምነኛል። ምልክቱን እንዳያጣው እኔው ቀረጽኩለት። እማዬ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ሦስቱንም አብራ ትወለውላለች። ትናንት ለአባቴ እውነት ብዬ በአንቺ ላይ ስጮህ ውሸታሙ እኔ ነበርኩ።»

የመዝጋቢዋ እጅ በልማድ ብቻ ወደ ቦርሳዋ፣ ወደ ማስታወሻ ደብተሯ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ያዘችው። አናጢው አየ፤ ዓይኑ ውኃ ቢይዝም ሳቀ።

«ይህንንም ልትጽፊው ነው?»

«ቁጥሩን አይለውጠውም» አለች። «ሃያ ዘጠኝ ያው ሃያ ዘጠኝ ነው።» ባዶ እጇን ከቦርሳዋ አወጣችና ምን እንደምታደርግበት ስላላወቀች በሌላ እጇ ያዘችው። «ሳልጽፍ መስማት አልተማርኩም ነበር። ንገረኝ። ከሦስቱ የትኛው ከበደህ?»

ሁለተኛው ነበር አላት፤ አባቱ ሳይታሰብ ተመልሰው ወርደው፣ ከበሩ ቆመው የልጃቸውን እጅ ሲያዩ የቆዩበት ዕለት ነበርና። አይተውት ይሆን? አይተው ዝም ብለውት ይሆን? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ተሸክሞት እንደኖረ እያነሳና እየጣለ ሲነግራት፣ ማሽኖቹ ከዕረፍታቸው ተመለሱ፤ ጩኸታቸውም መንገዱን ሞላው። እርሷ ተጠጋች፤ ጆሮዋን ወደ አፉ አቀረበች። ልቧ አላረፈም ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን የሚባክነው ብቻውን አልነበረም።